የሰው ማውስ የማይነካው ሰው

ሟቹ ጀርባውን ለዕቃ ክፍሏ በር እንደሰጠ ተቀምጦ ነበር። ፀሐፊዋ የማተሚያ ወረቀት ልታወጣ ቁልፉን አዙራ በሩን ስትስበው፣ አብሮ ወደ ውጭ ተንጋለለና ራሱ ጫማዋ ላይ አረፈ። አልጮኸችም። ቁጭ ብላ ራሱን በሁለት እጇ ደገፈች። ሌሎቹ ከየክፍላቸው ሲሮጡ ደርሰው ገና ምንም ሳይጠይቋት፣ «እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስም ይህንኑ እያለች ነበር።

ቢሮው የአንድ አውቶብስ ድርጅት የስምሪት ክፍል ነው። የትኛው ሹፌር በየትኛው መስመርና ፈረቃ እንደሚወጣ የሚመደበው እዚህ ነው። ያለው ከጋራዡ በላይ ስለሆነ ከሥር መዶሻ በተመታ ቁጥር ጠረጴዛ ላይ ያለ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ኃላፊዋ፣ ምክትል ኃላፊው፣ ፀሐፊዋና አንድ የስምሪት ሠራተኛ ይሠሩበታል። ሟቹ የኮምፒውተር ባለሙያው ነበር። በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም ነገር መላ ስለማያጣ «መላ» ይሉታል። በዚህ ሳምንት ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ተጠርቷል። ድርጅቱ የሚጻፍበትም ሠንጠረዥ የሚሠራበትም ፕሮግራም በአዲስ ይቀየር ብሎ ስለወሰነ፣ ከየጠረጴዛው «መላ፣ ይሄ የት ሄደ?» የማይል አልነበረም።

«ያለቀ ነገር ነው ኢንስፔክተር» አላት ሳጅኑ፣ ደረጃው ላይ ተቀብሎ። «ሟች አስም ነበረበት። ሐኪሙ ሌላ ምንም ምልክት የለም ብሏል። ምሳ ሊወጣ ሲል ዕቃ ክፍል ገብቷል። እሷ እንደ ልማዷ ቆልፋ ወጣች። ውስጡ አቧራ ብቻ ነው፣ መስኮት የለውም። መድኃኒቱ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል፤ ጃኬቱን ደግሞ ከመግባቱ በፊት አውልቆ የእሷ ወንበር ላይ ሰቅሎታል። አምናለች። በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፤ ይዣት ልወርድ ነበር።»

«ትንሽ ጠብቅ።»

«ልጅ አለቻት። ከትምህርት ቤት ማን ያመጣልኛል እያለች ነው። ቶሎ ብንጨርስ ለእሷም…»

«ለእሷ ብለህ ከሆነ ጠብቅ።»

ኢንስፔክተሯ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። ከፀሐፊዋ አጠገብ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ከዕቃ ክፍሏ በር ትይዩ ነው። ጎኑ ያለው ግድግዳ ላይ የዕቃ ክፍሏ ቁልፍ የሚንጠለጠልበት ምስማር አለ።

«ስትቆልፊ ታስታውሻለሽ ልጄ?»

«በየቀኑ እቆልፋለሁ።»

«የዛሬውን ነው የምጠይቅሽ።»

ፀሐፊዋ እጆቿን አየቻቸው። «እጄ ነው የሚያውቀው፤ እኔ አላስበውም። ሰው ቤቱን ቆልፎ ሲወጣ መቆለፉን ያስታውሳል? ቆልፌያለሁ። መቼ ሳልቆልፍ ወጥቼ አውቃለሁ?»

«ከምሳ ስትመለሺስ ቁልፉ የት ነበር?»

«ምስማሩ ላይ።» ወንበሯ ላይ ወዳለው ጃኬት ዞረች። «ስመለስ ስልኩ ጃኬቱ ውስጥ ይጮኻል። ያቆምና እንደገና ይጮኻል። ራሴን ሲያመኝ እጄን ኪሱ ከትቼ ድምፁን አጠፋሁት። መድኃኒቱን ነክቼዋለሁ ኢንስፔክተር። በዚህ ጣቴ። ይቺን ጥሎ የት ሄደ እንኳን አላልኩም።»

«ምሳ ከማን ጋር ነው የወጣሽው?»

ፀሐፊዋ ወደ ኃላፊዋ በር አየችና ቶሎ ዓይኗን መለሰች። «ከእሳቸው ጋር» አለች።

ኢንስፔክተሯ ተነሥታ ወደ ዕቃ ክፍሏ ገባች። የተሰበሩ ወንበሮች፣ የወረቀት ካርቶኖችና እስከ ጣሪያው የተደረደሩ አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉበት። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ አቧራ ለብሰዋል። ከሁሉም መካከል አንዱ ኮምፒውተር ብቻ ንጹህ ነው። አንድ ሰው በሸሚዙ እጅጌ ጠርጎታል፤ የሟቹ ቀኝ እጅጌ እስከ ክርኑ ጠቁሯል። ገመዱ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ባለሙያው አንገቱ ላይ የሚያደርገው ክር ጫፉ ላይ ምንም የለበትም። ይዞት የሚዞረው ፍላሽ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቷል።

በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዲት ቁልፍ ነካች። ተኝቶ የነበረው ስክሪን ነቃ። በሰማያዊና በብርቱካን ቀለም የተሞላ ትልቅ ሠንጠረዥ መጣ። ቆማ ብዙ አየችው።

«ይሄን ማንም እንዳይነካው» አለች ለሳጅኑ፤ «በሩንም ዝጋው።»

የስምሪት ሠራተኛው ጆሮ ማዳመጫውን አንገቱ ላይ እንዳደረገ ቁጭ ብሏል። ወጣት ነው።

«አንተ ነህ ፈጣኑ የሚሉህ?»

«በሁለት ጣት ስለምጽፍ ነው። ስድብ ነው፤ ለምጄዋለሁ።»

«ምሳ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ቢሮ ውስጥ ምሳ የምንበላው እኔና ጋሽ ቀመር ብቻ ነን። እሳቸው በራቸውን ዘግተው፣ እኔ ጆሮዬን ዘግቼ።»

«ጋሽ ቀመር ማን ናቸው?»

«ምክትል ኃላፊው። የስምሪቱን ሠንጠረዥ ከባዶ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሰማያዊው የጠዋት ፈረቃ፣ ብርቱካኑ የከሰዓት። አንድ ሹፌር ታሞ ሲቀር አንዷን ሳጥን ይነኳታል፣ የቀረው ሹፌር ሁሉ በየቦታው ይገባል። ቀመሩን ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም። አዲሱ ፕሮግራም ላይ ደግሞ አይሠራም አሉ። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሙን የሚያዩት ቤታቸውን ሊያፈርስ እንደመጣ ሰው ነው።»

«መላስ? እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

ፈጣኑ ፈገግ ሊል ፈለገና አቃተው። «ያናድድ ነበር። ሰው ሲጠራው ይመጣል፣ እጁን ከኋላው ያጣምራል፣ ይቆማል። ‹አንተ ያዝ› ይላል። ‹ወደ ላይ። አሁን ወደ ቀኝ። ጠቅ አድርግ።› የሰው ማውስ አይነካም። እኔ ከነካሁት ነገም ለዚሁ ነው የምትጠራኝ ይላል።»

«ለማንም አይነካም?»

«ለማንም። ኃላፊዋ አንድ ቀን ‹ቸኩያለሁ፣ አንተው ሥራልኝ› ብላ ተቆጣችው። እሱ እቴ። እጁን ከኋላው ሳያወጣ ‹ቀስ ብለው፣ ይደርሳሉ› አላት። ደረሰችም።»

«ዛሬስ ጠርተኸው ነበር?»

ወጣቱ የጆሮ ማዳመጫውን ሽቦ በጣቱ ጠመዘዘ። «ስደውልለት ነበር። ሪፖርቱ ላይ የገጽ ቁጥር የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዳይወጣ ማድረግ አቅቶኝ። አላነሣ ሲለኝ ሰደብኩት፤ በሆዴ። ደግሞ… ሲያንኳኳ ሰምቻለሁ ኢንስፔክተር። እሱ መሆኑን አላወቅሁም። የጋራዡ መዶሻ መስሎኝ ሙዚቃውን ጨመርኩት።»

«የዕቃ ክፍሏ ቁልፍ በምሳ ሰዓት የት ይውላል?» አለች ቀጥላ።

«እትዬ፣ ፀሐፊያችን፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታው ነው የምትወጣው። በኔ ጥፋት ነው። አንዴ ካርቶን ላይ ተኝቼ ይዛኛለች። ከዚያ ወዲህ ቁልፉም ምሳ ይበላል።»

ኃላፊዋ ክፍሏ ውስጥ ቆማ ነበር። ቀጥ ያለች፣ ነገር ማንዛዛት የማትወድ ሴት ናት። አሁን ግን መጋረጃውን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች።

«ፀሐፊዎ ከእርስዎ ጋር ምሳ ወጣሁ ብላለች።»

«አዎ።»

«ከየት ነው የተነሣችሁት?»

«ከዚህ። ከእኔ ክፍል። የኔ በር በቀጥታ ወደ ደረጃው ያወጣል።»

«ወደ ጠረጴዛዋ አልተመለሰችም?»

«አልተመለሰችም። ቦርሳዋንም ይዛ ነው የመጣችው። እዚህ ተቀምጣ ትጽፍልኝ ነበር፤ እንደጨረስን ወጣን።»

«ታዲያ ይህን ለሳጅኑ ለምን አልነገሩትም? ሴትዮዋ ቆለፍኩበት እያለች ራሷን ስትከስ ሰምተዋል።»

ኃላፊዋ ተቀመጠች። «ምን ስትጽፍ ነበር ይሉኛላ። ለእሱ ማስጠንቀቂያ ነበር የማጽፋት። ሥራው ትናንት ማለቅ ነበረበት። አንድ ማሽን ቀረ፣ የምክትሌ። ‹አንድ ቀን ይስጡኝ፣ ለጋሼ መላ እየፈለግኩ ነው› አለኝ፤ አልሰጠሁትም። ‹ዛሬ ካልተቀየረ አንተም ሠንጠረዡም ትሰናበታላችሁ› አልኩት፤ ሁሉም እየሰማ። እሷም ያለ ፍላጎቷ ነው የጻፈችው። በሬሳው ላይ ይህን እንዴት አውጥተን እንናገር?»

«ከምሳ በፊት የምክትልዎን ማሽን ጨረስኩ ብሎ ነገረዎት?»

«ቢጨርስማ ማስጠንቀቂያውን ለምን አጽፋለሁ?»

ጋሽ ቀመር በሩ ሲንኳኳ ቶሎ ከፈቱ። ሽበታም፣ ሸሚዛቸው በደንብ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ እርሳሶቹ በቁመታቸው ተደርድረዋል። ኢንስፔክተሯን ወንበር ስበው አስቀመጧት።

«አሳዛኝ ልጅ» አሉ። «እኔ በሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ሰው ጋሽ ቀመር አዲሱን ይጠላል ይላል፤ ይኸው ተጭኗል። ከምሳ በፊት መጥቶ ከወንበሬ አስነሣኝና ማውሱን ይዞ ቶሎ ቶሎ ጨረሰው። ‹በቃ ጋሼ፣ ተገላገልን› ብሎኝ ወጣ። ከዚህ በኋላ ምን የሚያጣላን ነገር አለ?»

«ተጣላችሁ ወይ ብዬ አልጠየቅሁም ጋሼ።»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

«ከዚያስ?»

«ምሳዬን እዚሁ በላሁ። በሬ ዝግ ነበር።»

«ሲያንኳኳ አልሰሙም?»

«ከሥር መዶሻ አለ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ አለች። የአውቶብስ ማቆሚያዎች ስም የተጻፈበት ገጽ ተከፍቷል። ከእያንዳንዱ ስም ሥር ቀይ ሰረዝ ተሰምሯል፤ ፕሮግራሙ አንዱንም አላወቀውም። ከላይ ደግሞ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በትናንሽ ፊደል የተጻፈባት ቢጫ መስመር አለች።

«ይቺ ቢጫዋ ምንድን ናት ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አሰናብታታለሁ፣ ተመልሳ ትመጣለች። አዲስ ነገር ማስታወቂያ ይወዳል።»

«የኛም ጣቢያ ፕሮግራም በቅርቡ ተቀይሯል። እኔ እስካሁን ‹አስቀምጥ› የምትለዋን ምልክት ስፈልግ ነው የምውለው።»

ጋሽ ቀመር ሳቁ። ሲስቁ ግን እጃቸው ከእርሳሶቹ አንዷን አፈናቀለ፤ ወደ ቦታዋም አልመለሷትም።

ኢንስፔክተሯ ከዚያ ወጥታ የሌሎቹን የሦስቱን ሰዎች ኮምፒውተር አንድ በአንድ አየች። የማቆሚያዎቹን ስም አስጻፈቻቸው። ቀይ ሰረዝ አልነበረም። ቢጫ መስመርም የለም። ፀሐፊዋ ሁልጊዜ የምትጫናቸው ምልክቶች፣ ፕሮግራሙ ቢቀየርም፣ ድሮ በነበሩበት በግራ በኩል ተደርድረዋል።

«ማን ነው እንዲህ ያደረገልሽ?»

«እሱ። ማለት እኔ ነኝ ያደረግሁት፤ እሱ ቆሞ። ‹ቤት ስትቀይሪ አልጋሽን ይዘሽ ነው የምትሄጂው› አለኝ።» አፏን በእጇ ሸፈነች።

የጋራዡ መዶሻ ዝም ሲል ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ወደ ጋሽ ቀመር ክፍል ጠራች። ሳጅኑ በሩ ላይ ቆመ። ፀሐፊዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች፤ ወደ ጣቢያ የሚወስዷት ከዚህ ነው ብላ ነው የመጣችው። ሰዓቷን ማየት ትፈልጋለች፣ ታፍራለች።

«ይቀመጡ ጋሼ፣ ከኮምፒውተርዎ ፊት» አለች ኢንስፔክተሯ። እሷ ከጀርባቸው ቆማ እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች። ፈጣኑ ይህን ሲያይ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ከቁልፉ እንጀምር» አለች። «እሷ ቆለፍኩ የምትለው ስላስታወሰች አይደለም። እጄ ለምዷል ብላ ነው። እሺ፣ እጇን እንመን። የዚህች ሴት እጅ ሲቆልፍ አንድ ነገር ብቻ አይደለም የለመደው። ይቆልፋል፣ ቁልፉን ቦርሳ ውስጥ ይከታል። ፈጣኑ ይመስክር።»

«እውነት ነው።»

«ዛሬ ከምሳ ስትመለስ ቁልፉ የት ነበር? ምስማሩ ላይ። እሷ ብትቆልፍ ኖሮ ከእሷ ጋር ምሳ ወጥቶ ይመለስ ነበር። ደግሞም በሩ አጠገብ አልደረሰችም። ከኃላፊዋ ክፍል በቀጥታ ነው ደረጃውን የወረዱት። ሁለቱም ያፈሩበት ወረቀት ነበረና ሁለቱም ዝም አሉ።»

ኃላፊዋ አንገቷን ደፋች። ፀሐፊዋ ቦርሳዋን ቀስ ብላ ከደረቷ አወረደች፤ ገና ግን አላመነችም።

«እንግዲህ ሌላ ሰው ቆልፎ ቁልፉን ሰቅሎታል። ቢሮ ውስጥ የቀሩት ሁለት ናቸው። ፈጣኑ በስልክ ሲፈልገው ነበር፤ ቆልፎ ያስቀመጠውን ሰው ማንም እየደጋገመ አይደውልለትም። እርስዎ ግን አልፈለጉትም ጋሼ። ተጭኖልኛል፣ ከሱ የምፈልገው ነገር የለም ነው ያሉኝ። ጥሩ። አሁን ማውሱን ይያዙ።»

«ለምን?»

«እርስዎ ይያዙት። ቢጫዋ መስመር ላይ ጠቅ ያድርጉ።»

አደረጉ። አንዲት ባዶ ሳጥን ብቅ አለች፤ የምዝገባ ቁጥር ትጠይቃለች።

«ይቺ መስመር ማስታወቂያ አይደለችም። ፕሮግራሙ አልተመዘገበም፣ ለሙከራ ብቻ ነው ማለት ነው። የኛ ጣቢያ ልጅ ከኢንተርኔት ያገኘውን ጭኖ ስትመጣብን ነው ያወቅኋት። የሌሎቹ ማሽኖች ላይ የለችም። ድርጅቱ የገዛው ፕሮግራምና ቁጥሩ መላ ፍላሽ ላይ ነው ያለው፤ ፍላሹ ደግሞ ከሱ ጋር ዕቃ ክፍል ተቆልፎበታል። ይሄኛው ከኢንተርኔት የመጣ ነው። መላ ቢጭንልዎ ኖሮ ለምን ከኢንተርኔት ያመጣል?»

«ረስቶ ይሆናል» አሉ ጋሽ ቀመር።

«እኔም እንዲህ ብዬ ነበር። ሰው ሲቸኩል ይረሳል። ቀዩ ሰረዝስ? የሌሎቹን ሰዎች የማቆሚያ ስም ሁሉ ከድሮው ወደ አዲሱ አዛውሮላቸዋል፤ ፕሮግራሙ እንደ እንግዳ እንዳያያቸው። የፀሐፊዋን ምልክቶች እንኳን በቦታቸው አስደርድሯል። እርስዎን ብቻ ባዶ ቤት ጥሎዎት ይሄዳል? ይህንንም ረስቶ ነው እንበል። አንድ ነገር ግን አለ፣ ማንም ቢለኝ የማላምነው። ከወንበሬ አስነሥቶኝ ማውሱን ያዘ አሉኝ።»

ኃላፊዋ፣ ፀሐፊዋና ፈጣኑ እርስ በርስ ተያዩ። ያ ሰው ለኃላፊዋ ቁጣ እንኳን እጁን ከኋላው አላወጣም።

«ሲጭንልዎ አላዩትም ጋሼ። ስለዚህ ሌላ ሰው እንዴት እንደሚጭን አስበው ነገሩኝ። አዲሱን የጫኑት እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ከምሳ በኋላ፣ እሱ ከሞተ በኋላ። ሲገኝ ‹ምክትሉ ነው ምክንያት ያለው› እንዳይባል።»

ጋሽ ቀመር ቀና አሉ። «አዲሱን ብጠላ ሰው እገድላለሁ?»

«መግደል የፈለጉ አይመስለኝም። ይነሡ፣ አንድ ነገር ላሳይዎ።»

ሁሉም ተከትለዋት ወደ ዕቃ ክፍሏ ሄዱ። ሬሳው ተነሥቷል፤ በሩ ላይ ከውስጥ በኩል የተቀመጠበት ቦታ አቧራው ተጠርጎ የጀርባ ቅርጽ ቀርቷል። ኢንስፔክተሯ ለጋሽ ቀመር የተጠረገውን ኮምፒውተር አመለከተቻቸው።

«አንዲት ቁልፍ ይንኩ።»

ነኩ። ስክሪኑ ነቃ። ሰማያዊውና ብርቱካኑ ሠንጠረዥ መጣ፤ በድሮው ፕሮግራም ላይ።

«አሁን አንድ ሹፌር ያሳምሙ» አለች።

አንዷን ሳጥን ነኩ። ስሞቹ ተንቀሳቀሱ፤ ከረድፍ ረድፍ ተዛወሩ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ። ሠንጠረዡ ይሠራል።

«ለጋሼ መላ እየፈለግኩ ነው ብሎ ነበር ለኃላፊዋ። መላው ይኸው ነው። የድሮው ፕሮግራም ያለበትን አሮጌ ማሽን ከአቧራ አውጥቶ፣ ሠንጠረዥዎን በፍላሽ ጭኖ፣ ሞክሮ፣ እንደሚሠራ አይቷል። የእርስዎ ማሽን ቢቀየርም ሠንጠረዥዎ ከጎንዎ እንዲቀጥል። ሊያመጣልዎ ሲነሣ ነው በሩ የተቆለፈው።»

ጋሽ ቀመር ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ።

«ለአንድ ከሰዓት ብቻ ነበር» አሉ። «ከምሳ በኋላ ፍላሹን ይዞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ኃላፊዋ ስትነግረው ሰምቻለሁ። የወሩን ስምሪት ገና አልጨረስኩም። ያንን ላጠናቅቅ፣ ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉት ብዬ ነው። እሷ ሁልጊዜ ስለምትቆልፍ ማንም ሰው አይቆጣም፤ ተሳስታ ነው ይባላል፣ ይሳቃል፣ ይወጣል።»

«ሲያንኳኳስ?»

«በቀስታ ነው ያንኳኳው። የሰው ቢሮ ሲመጣ እንደሚያንኳኳው። ቆሜ ሰማሁት። ጫማዬን ያውቀዋል መሰለኝ፣ ‹ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት?› አለኝ። ‹ሳያዩ ቆልፈውብኝ ነው። ቁልፉን ወደ ግራ ያዙሩት። ቀስ ብለው፤ እኔ እዚህ ቆሜያለሁ።›» ጋሽ ቀመር መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። «መክፈት የማልችል መስሎት አስተማረኝ። እያሳለው። እኔ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። እየቀለደብኝ ነው፣ ሲሰለቸው ያርፋል ብዬ። ጸጥ ሲል ሄጄ ገርበብ አድርጌ አየሁ። አልፏል። መልሼ ቆለፍኩት፤ ቁልፉንም ምስማሩ ላይ ሰቀልኩት።»

«ሰዎቹ ከምሳ ሳይመለሱ ነው?»

«ሳይመለሱ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ፀሐፊዋ ዞረች። «ሰማሽ ልጄ? መድኃኒቱን ስትነኪ እሱ አልፎ ነበር። ብታወጪውም የሚደርስለት አልነበረም።» ቀጥላ ወደ ጋሽ ቀመር ተመለሰች። «በሩን የቆለፉት ለአንድ ከሰዓት ነበር እንበል። እሷ ‹እኔ ገደልኩት› ስትል ግን እዚያው ቆመው ሰሙ። ያንን ለስንት ጊዜ ሊያቆዩት ነበር?»

ሳጅኑ ፀሐፊዋ የፈረመችውን ቃል ከኪሱ አውጥቶ አጠፈው፤ ከዚያ የጋሽ ቀመርን ክንድ ይዞ አስነሣቸው። ሲወጡ በሩ ጋ ቆም ብለው ቁልፉን አዩት። እዚያው ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ ቀርቷል።

«ሂጂ፣ ልጅሽን አምጪ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ፀሐፊዋ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች። «እኔስ ነፃ ወጣሁ» አለች። «ግን ከሰዓቱን ሁሉ መላ የት ሄደ ስንል የነበረው ለሥራችን ስለፈለግነው ነው። ስለሱ ብሎ የጠየቀ የለም።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ልትክደው አልቻለችም። በሩን ከፈተችላት።

በሚቀጥለው ሳምንት የዕቃ ክፍሏ በር ቁልፍ ተነቀለ፤ ምስማሩም ወለቀ። አሮጌው ኮምፒውተር የምክትሉ ባዶ ክፍል ውስጥ ተቀመጠ። ሹፌሮቹ አሁንም በሰማያዊና በብርቱካን ይመደባሉ፤ ሳጥኗን የምትነካው ኃላፊዋ ራሷ ናት፤ ስትነካም ትፈራለች።

ፈጣኑ አንድ ጠዋት ሪፖርቱን ከፍቶ በሁለት ጣቱ ሲታገል ቆየ። ከዚያ እንደ ልማዱ፣ ቀና እንኳን ሳይል፣ «መላ» ብሎ ተጣራ።

ሁለቱም ጣቶቹ ፊደሎቹ ላይ ቆሙ።

ፀሐፊዋ ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። ከኋላው ቆመች። እጇ ወደ ማውሱ ሄደና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። መለሰችው፤ ሁለቱንም እጆቿን ከኋላዋ አጣመረች።

«የገጽ ቁጥሩ ነው?» አለችው።

«እሱ ነው።»

«እኔም አላውቀውም። እንፈልገዋለን። አንተ ያዝ» አለች። «ወደ ላይ። ቀስ ብለህ።»